የድንገተኛ ክፍል መዝገብ ለማን ይጻፋል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከሰሜን ሸዋ የተላኩ ናቸው። ጠያቂዎቹ ሥራቸውም ቦታቸውም ይለያያል፤ ሁሉም ግን የሚያነሡት አንድ ነገር ነው፦ በድንገተኛ ክፍል በየቀኑ የሚጻፈው ቁጥር ለበሽተኛው ምን ይጠቅመዋል?

ከመንዝ፣ ነርስ፦ በቀን ወደ 20 ሰው እናያለን። ሬጅስተሩን እንሞላለን፣ በወሩ መጨረሻ ተደምሮ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ ወሬው የለም። መብራትም እንደልብ ስለማይገኝ ኮምፒውተር ላይ መተማመን አንችልም። ከየት ልጀምር?

ሲስተር፣ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ኮምፒውተር አያስፈልግዎትም። ሬጅስተሩ ስንት ሰው በምን ሕመም እንደመጣ ይነግርዎታል፤ በሽተኛው የት ላይ ተይዞ እንደቆየ ግን አይነግርዎትም። ይህን የሚያሳየው የሰዓት ምልክት ነው። ለአንድ በሽተኛ አምስት ጊዜ ሰዓት መጻፍ ይበቃል፦ ከበር ሲደርስ፣ ትሪያጅ ሲደረግ (የሕመሙ ክብደት ተለይቶ የተራ ቀለም ሲሰጠው)፣ ሐኪም ሲያየው፣ ውሳኔ ሲሰጥ (ይተኛ፣ ሪፈር ይባል፣ ወደ ቤቱ ይሂድ)፣ በመጨረሻም ከክፍሉ ሲወጣ።

አዲስ ሬጅስተር አያሳትሙ። አንድ ደስጣ ኤ4 ወረቀት 500 ቅጠል አለው፤ እያንዳንዱን አራት ቦታ ቢቆርጡት 2,000 ቁራጭ ይወጣል፣ በእናንተ የበሽተኛ ብዛት 100 ቀን ያስኬዳል። ቁራጩ ላይ አምስት መስመር፣ የትሪያጁ ቀለምና የካርድ ቁጥር ይኑር፤ ስም አይጻፍበት። በካርዱ ላይ በስቴፕለር ተያይዞ ይዙር፣ በሽተኛው ሲወጣ ተነጥሎ ሳጥን ውስጥ ይግባ።

ዋናው ጉዳይ ማን ይጻፈው የሚለው ነው። ሥራውን የሠራው ሰው በሠራበት ቅጽበት ይጻፍ። በተለይ የመድረሻውን ሰዓት በር ላይ ያለ ሰው፣ ጥበቃም ይሁን ካርድ ክፍል፣ ይጻፈው። የትሪያጅ ነርሷ ራሷ ከጻፈችው መድረሻውና ትሪያጁ ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ይሆኑና በሩ ላይ የተጠበቀው ጊዜ ከወረቀቱ ይጠፋል።

በሳምንት ወደ 140 ቁራጭ ይጠራቀማል። ሁሉንም ማስላት አያስፈልግም፤ በመጡበት ቅደም ተከተል ደርድረው በየሰባቱ አንድ ቢያነሡ 20 ያገኛሉ። በየምልክቶቹ መካከል ያለውን ደቂቃ ይቀንሱ፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደርድሩ፣ መሐል ላይ የሚውለውን ይውሰዱ (20 ሲሆኑ የ10ኛውንና የ11ኛውን አማካይ)። ይህ ሚዲያን ይባላል። አማካዩን ብቻ አይመኑ። ለምሳሌ ሰባት ሰዎች ሐኪም የጠበቁት 8፣ 10፣ 12፣ 14፣ 15፣ 20 እና 240 ደቂቃ ቢሆን አማካዩ 46 ገደማ ይመጣል፤ ከሰባቱ ስድስቱ ግን ከ20 ደቂቃ በላይ አልጠበቁም። ሚዲያኑ 14 ነው፤ የክፍሉን የዘወትር መልክ የሚናገረው እሱ ነው። ባለ 240ውን ግን እንዳይጥሉት። ካርዱን አስወጥተው ያንብቡ፤ ጉዳት የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ባለው ሰው ላይ ነው።

ያልተሞላውን ቁራጭም ይቁጠሩት። እጅግ የታመመ ሰው ሲገባ ሁሉም ወደ እሱ ይሮጣል፣ ሰዓት የሚጽፍ አይኖርም። ስለዚህ የሚጎድለው መረጃ በአብዛኛው የከባዶቹ ሕሙማን ነው፤ የተሟላውን ብቻ ካሰሉ ክፍላችሁ ከእውነቱ የተሻለ ይመስላል። መፍትሔው ቀይ በሽተኛ (ሕመሙ እጅግ የከበደ) ሲገባ አንድ ሰው አስቀድሞ ጸሐፊ ተብሎ መመደቡ ነው፤ መድኃኒቱ የተሰጠበትን ሰዓትም ያው ሰው ይይዘዋል።

ከዚያ ትልቁን ክፍተት መርጣችሁ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ ሁለት ሳምንት ሞክሩት፣ እንደገና ለኩ። ውጤቱንም ሰዓቱን ለሚጽፉት ሰዎች፣ ለጥበቃው ጭምር፣ በየሳምንቱ መልሱላቸው፤ ሪፖርቱ ወደ ላይ ከመሄዱ በፊት እነሱ ይዩት። የጻፈው ሰው ቁጥሩ ምን እንደለወጠ ካላየ በወሩ መሞላቱ ይቆማል፣ ወይም ይባስ ብሎ በግምት መሞላት ይጀምራል።

ከይፋት፣ የጤና መረጃ ባለሙያ፦ ሰዓቶቹን ኤክሴል ላይ ሳስገባ አንዳንዱ በሽተኛ ከመድረሱ በፊት የታየ ሆኖ ይወጣል፤ ሌላው 6 ሰዓት ሙሉ የጠበቀ ይመስላል። ደግሞ «በደረሱ በ5 ደቂቃ ውስጥ ትሪያጅ የተደረጉ» የሚለው አመልካች በየወሩ መቶ በመቶ ነው። እኔ ግን በር ላይ ሰልፍ አያለሁ። እንዴት ላጣራ?

ሁለቱ ችግሮች ምንጫቸው ለየብቻ ነው።

የመጀመሪያው የሁለት ሰዓት ነገር ነው። የኤሲጂ (የልብ ምርመራ) ማሽኑና ሞኒተሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ያትማሉ፣ ነርሷ የእጅ ሰዓቷን አይታ በእኛ ትጽፋለች፣ ሐኪሙ ስልኩን ያያል። «3:20» ብቻ ተብሎ ሲጻፍ አራት ትርጉም ሊኖረው ይችላል፦ የጠዋቱ 3:20፣ የምሽቱ 3:20፣ ወይም የፈረንጆቹ ሁለቱ 3:20ዎች። የስድስት ሰዓት ጥበቃ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። በላዩ ደግሞ ቀኑ አለ። ለእኛ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ። በ14 ሌሊት 7 ሰዓት ላይ የገባን ሰው አንዱ 14፣ ሌላው 15 ብሎ ቢጽፍ ጥበቃው ሙሉ ቀን ይዛነፋል።

የኛ ምክር የኢትዮጵያን ሰዓት ይዞ ከጎኑ «ቀ» ወይም «ሌ» ማስጻፍ ነው፤ ቀኑም እስኪነጋ ያመሸው ቀን ሆኖ ይቆይ። ስሕተቱ የሚገባው ሰው በጥድፊያ መሐል በአእምሮው ሲመነዝር ስለሆነ ምንዛሬውን ለኤክሴል ይተዉለት። 12 ሰዓትን 0 አድርገው፣ ለ«ቀ» 6፣ ለ«ሌ» 18 ይደምሩ፤ 24 ከሞላ ወይም ካለፈ 24 ቀንሰው ቀኑን በአንድ ያሳድጉ። 3:20 ቀ፣ 9:20 ይሆናል፤ 3:20 ሌ፣ 21:20፤ 7:00 ሌ ደግሞ 25:00፣ ማለትም በማግስቱ 1:00። ቀንና ሰዓት በአንድ ሴል አብረው ይግቡ፤ ሰዓቱ ብቻ ከገባ እኩለ ሌሊትን የተሻገረ በሽተኛ ሁሉ አሉታዊ ይሆንና ሴሉ በ#### ይሞላል። አንድ የግድግዳ ሰዓት ከትሪያጁ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ይሰቀል፣ ሁሉም እሱን አይቶ ይጻፍ። ባትሪውን የሚቀይር ሰው በስም ይመደብ፤ ይህን የሚረሳ ክፍል ብዙ ነው።

መቶ በመቶው ሌላ ምርመራ ይፈልጋል። ከሬጅስተሩ 100 የሰዓት ምልክት ወስደው የደቂቃውን የመጨረሻ አሃዝ ይቁጠሩ። ሰው በትክክል አይቶ ከጻፈ በ0 እና በ5 የሚያልቁት አንድ ላይ 20 ገደማ መሆን አለባቸው፣ ምክንያቱም ከ10 አሃዞች ሁለቱ ናቸው። 80 ወይም 90 ሆነው ካገኟቸው ሰዓቱ ተገምቷል። ቀጥለው በር ላይ ቆመው፣ በራስዎ ሰዓት፣ የ10 በሽተኞችን መድረሻና ትሪያጅ ይመዝግቡ፤ ጥቂቶቹ በገበያ ቀን፣ ጥቂቶቹ በሌሊት ይሁኑ። ከሬጅስተሩ ጋር ያመሳክሩ። ለወርሃዊ ሪፖርቱ የሚያደርጉት የ12 አመልካቾች የናሙና ማመሳከሪያ (ኤልኳስ) ሪፖርቱ ከሬጅስተሩ ጋር መስማማቱን ብቻ ነው የሚያሳየው። ሬጅስተሩ ራሱ ከሆነው ነገር ጋር መስማማቱን አያይም፤ ሁለቱ ውሸት ላይ ተስማምተው ሊያልፉ ይችላሉ።

ልዩነት ካገኙ ነርሶቹን አይክሰሱ። አብዛኛውን ጊዜ ሬጅስተሩ የሚሞላው ተረኛ ሲቀያየር ነው፣ ያኔ ደግሞ ማንም ሰዓቱን አያስታውስም። ዝቅተኛ ቁጥር ያመጣ ክፍል በስብሰባ የሚወቀስ ከሆነ ቁጥሩ ሁልጊዜ ያምራል። በአፈጻጸም ክትትል ቡድኑ ፊት እውነተኛ 60 በመቶ ከተገመተ 100 እንደሚሻል አስቀድመው ያስማሙ።

አንድ ተጨማሪ ነገር። የሪፖርት ወሩ ከ21 እስከ 20 ስለሚቆጠር፣ ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ያለው ጳጉሜን ጨምሮ 35 ቀን ነው፣ በአራት ዓመት አንዴም 36። የበሽተኛ ቁጥር በ17 በመቶ ያደገ የሚመስለው በአምስቱ ቀን ብቻ ሊሆን ስለሚችል በቀን አካፍለው ያወዳድሩ። ቆላው ላይ ከክረምቱ ማግስት ወባ ስለሚጨምርም ጥቅምትን ከሰኔ ሳይሆን ካለፈው ዓመት ጥቅምት ጋር ያስተያዩ።

ከደብረ ብርሃን፣ የነርሲንግ ተማሪ፦ ለልምምድ በወጣንበት ክፍል የሁሉም በሽተኛ ትንፋሽ 20 ተብሎ ይጻፋል። በትሪያጅ ነጥቡ ላይ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ቴውስ በሚባለው የአዋቂዎች የነጥብ አሰጣጥ አንድ ምሳሌ እንሥራ። በቅሎ የረገጠችው ገበሬ በቃሬዛ መጣ፦ መራመድ ስለማይችል 2 ነጥብ፣ ትንፋሹ በደቂቃ 24 ስለሆነ 2፣ የልብ ምቱ 108፣ 1፣ የላይኛው የደም ግፊቱ 95፣ 1፣ ሙቀቱ 36.5፣ 0፣ ንቁ ነው፣ 0፣ አደጋ ስለሆነ 1። ድምሩ 7፣ ቀይ፤ ወዲያውኑ መታየት አለበት። ትንፋሹ ሳይቆጠር 20 ተብሎ ቢጻፍ ከ15 እስከ 20 ያለው 1 ነጥብ ብቻ ስለሆነ ድምሩ 6 ይሆናል፣ ብርቱካናማ፤ እስከ 10 ደቂቃ ሊጠብቅ ይችላል። ሆዱ ውስጥ ለሚደማ ሰው ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። ከዚያ በታች 3 እና 4 ቢጫ ነው፣ በ60 ደቂቃ ውስጥ፤ እስከ 2 ያለው አረንጓዴ፣ በ4 ሰዓት ውስጥ።

ትንፋሽ በሙሉ 60 ሴኮንድ ይቆጠራል። በሽተኛው እንደምትቆጥር ካወቀ አተነፋፈሱን ስለሚለውጥ የእጅ ምቱን እንደያዝክ ዐይንህን ወደ ደረቱ አድርግ። ከመዝገቡ 50 ካርድ ብታይና 40ው ላይ ትንፋሹ 18 ወይም 20 ቢሆን፣ ያ ክፍል ትንፋሽ አይቆጥርም ብለህ በድፍረት መናገር ትችላለህ። የአስተማሪህን ፈቃድ አግኝተህ ብትሠራው ጥሩ የምርምር ርዕስ ይወጣዋል።

በደም ውስጥ ስላለው የኦክስጅን መጠንም እግረ መንገዳችንን እናንሣ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 አካባቢ። ደብረ ብርሃን ላይ ጤነኛ ሰው በ90ዎቹ በመቶ መጀመሪያ ላይ ሊገኝ ይችላል፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ግን ያው ቁጥር ያሳስባል። የሁለቱን ከተሞች መረጃ አንድ ላይ የሚደምር ሰው ይህን መለየት አለበት። በብርዱ ወራት ደግሞ የቀዘቀዘ ጣት የመሣሪያውን ንባብ ያሳስታል፤ ጣቱን አሙቀህ፣ የምቱ ሞገድ ሲረጋጋ ብቻ ጻፍ።

ከደብረ ብርሃን፣ ሐኪም፦ ድንገተኛ ክፍላችን ሁልጊዜ ሙሉ ነው። አልጋ ይጨመርልን ብለን ልንጠይቅ ነው። በምን መረጃ እናስረዳ?

ዶክተር፣ ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ቀላል ስሌት ሥሩ። በክፍሉ የሚገኘው የበሽተኛ ብዛት በሰዓት የሚገባው ሰው በቆይታው ሲባዛ የሚገኘው ነው። በቀን 48 ሰው ቢመጣ በሰዓት 2 ነው፤ አማካይ ቆይታው 6 ሰዓት ከሆነ ሁልጊዜ 12 አልጋ ይያዛል። (ለዚህ ስሌት የሚያስፈልገው አማካዩ ነው፣ ሚዲያኑ አይደለም።)

አሁን ቆይታውን ከፋፍሉት። ከ48ቱ 12ቱ ይተኛሉ እንበል፣ «ይተኛ» ከተባለ በኋላ እያንዳንዱ የዋርድ (የተኝቶ መታከሚያ ክፍል) አልጋ ሲጠብቅ 8 ሰዓት ይቆያል። 12 በ8 ሲባዛ 96 የአልጋ ሰዓት ነው፤ በ24 ቢካፈል 4 አልጋ። ማለትም ከ12 አልጋችሁ አራቱን የያዙት ሥራቸው በእናንተ ዘንድ ያለቀ ሰዎች ናቸው። ጥበቃው ወደ 4 ሰዓት ቢወርድ ምንም ሳትገዙ 2 አልጋ ታገኛላችሁ።

መዘግየቱ ታዲያ ከየት ይመጣል? ብዙ ጊዜ ከዋርዱ ነው። ጠዋት በራውንድ (በሐኪሞች ጉብኝት) ላይ «ውጣ» የተባለ ሰው ሂሳብ እስኪጣራ፣ የጤና መድን ወረቀቱ እስኪፈረም፣ ቤተሰብ ከገጠር እስኪደርስ ከሰዓት በኋላ ይሆናል። ስለዚህ የላይዘን ኦፊሰሩ (የአልጋና የሪፈር አስተባባሪው) ሁለት ሰዓት እንዲይዝ አድርጉ፦ ዋርዱ «ውጣ» ያለበትንና አልጋው በእውነት የተለቀቀበትን። ነገ የሚወጡት ስም ዝርዝር ዛሬ ከሰዓት ቢደርሰው ቤተሰብም ይጠራል፣ ሂሳቡም ይጣራል። መዘግየቱ ከላቦራቶሪ ወይም ከራጅ ከሆነ ደግሞ በሐኪም መታየትና በውሳኔ መካከል ያለው ክፍተት ያሳብቃል።

«ከ24 ሰዓት በላይ የቆዩ» የሚለውን አመልካች ብቻ አትከተሉ፤ 23 ሰዓት ወንበር ላይ ያደረ ሰው በእሱ ዘንድ ችግር የለበትም። ለውጥ ስታደርጉ የየሳምንቱን ሚዲያን በነጥብ አስቀምጡ፣ ከለውጡ በፊት ቢያንስ 10 ሳምንት ይኑራችሁ፣ በመሐላቸው መስመር ስቡ። ከዚያ ወዲህ ስድስት ተከታታይ ነጥቦች ከመስመሩ በአንድ በኩል ከዋሉ ለውጡ እውነተኛ ነው ማለት ይቻላል፤ አንድና ሁለት ሳምንት ቢወርድ ግን የዕድል ጉዳይ ሊሆን ይችላል። የሞት ቁጥርን በዚህ መንገድ አታስሉት። በወር ከ2 ወደ 4 መሆን «እጥፍ» ይባላል እንጂ ብዙ አይናገርም፤ ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን እያንዳንዱን ሞት ካርድ በካርድ መገምገም ይሻላል። በመጨረሻ አልጋው በእርግጥ ካነሰ፣ ይህ ሁሉ ተሠርቶ የቀረበ ጥያቄ ክብደት ይኖረዋል።

ከመርሐቤቴ፣ የጤና መኮንን፦ ከጤና ጣቢያ ሪፈር የምንላቸው ምን እንደሆኑ አናውቅም። በቴሌግራም ግሩፕ የካርድ ፎቶ እየተላላክን ለመከታተል አስበናል።

ፎቶውን ይተዉት። የጤና መረጃ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥንቃቄ ከሚደረግላቸው ውስጥ ነው፣ ግሩፕ ውስጥ የገባ ፎቶ ደግሞ ተመልሶ አይሰበሰብም። በሪፈር ወረቀቱ ላይ ተከታታይ ቁጥር ይስጡ፣ በወር አንድ ጊዜ ቁጥሮቹን ብቻ ይዘው ከተቀባዩ ሆስፒታል ላይዘን ጋር ያመሳክሩ፦ ደረሰ ወይስ አልደረሰም፣ የመጨረሻው ምርመራ ምን ሆነ። «አልደረሰም» የሚባሉት ቁጥር ያስደነግጥዎ ይሆናል፤ ሥራው የሚጀምረው ከእነሱ ነው። በወረቀቱ ላይ ሲነሣ የነበረው ግፊት፣ ትንፋሽና ንቃት፣ የተሰጠው መድኃኒትና የተነሣበት ሰዓት ይኑር፤ አምቡላንሱ ከመንቀሳቀሱ በፊትም ስልክ ይደወል።

ከአንኮበር፦ አባቴን በሌሊት ይዤ ሄጄ ከእኛ በኋላ የመጡ ቀድመውን ገቡ። አንዱን ጥያቄም ሦስት ሰው ደጋግሞ ጠየቀን። ይህ ሁሉ ጽሕፈት ለምንድን ነው?

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፣ አባትዎንም እግዚአብሔር ይማርልን። በድንገተኛ ክፍል ተራ የሚያዘው በሕመሙ ክብደት ነው፤ ከላይ ያየነው ቀለም ማለት ነው። ነገር ግን ቀለሙ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚቀር አይደለም። በጥበቃ ላይ እያሉ አባትዎ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ካላባቸውና ከቀዘቀዙ፣ ንግግራቸው ከተኮላተፈ፣ ከተወዛገቡ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው ወዲያውኑ ተነሥተው ለነርሷ ይንገሩ፤ እንደገና የመለካት መብት አላቸው። የተሰጣቸው ቀለም የትኛው እንደሆነና ስንት እንደሚያስጠብቅ መጠየቅም ነውር የለውም።

ጥያቄው መደጋገሙ ይሰለቻል። ሐኪሙ የሚፈልገው ግን አብዛኛውን ጊዜ እርስዎ ብቻ የሚያውቁትን ነው። ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት በተቻለ መጠን ለይተው ይናገሩ፤ «ትናንት» ከማለት «ማታ 2 ሰዓት ራት ሲበሉ ደኅና ነበሩ፣ ሌሊት 9 ላይ እጃቸው አልታዘዝ አለ» ማለት ይበልጣል። ግማሽ አካል ሲደነዝዝ የሚሰጠው ሕክምና ደኅና ሆኖ በታየበት የመጨረሻ ሰዓት ይወሰናል። የሚወስዱትን መድኃኒት ከነማሸጊያው፣ የድሮ ካርዳቸውንና የሪፈር ወረቀቱን ይያዙ። ጸበል ቦታ ሰንብተው፣ የአገር መድኃኒት ጠጥተው ወይም የጀመሩትን ኪኒን አቁመው ከሆነ ሳይሸሽጉ ይንገሩ፤ ማንም ሊቆጣዎ አይገባም፣ የሚሰጠው መድኃኒትም በዚህ ይለወጣል። የሚሠራ ስልክ ቁጥር ያስመዝግቡ፣ የላቦራቶሪ ውጤት ዘግይቶ ቢወጣ የሚጠሩት በእሱ ነው። ሳይታዩ ለመሄድ ከወሰኑም ለነርሷ ነግረው ይሂዱ፣ «ሳይታይ የሄደ» ተብሎ በሰዓቱ ይመዘገባል፤ በየትኛው ቀንና በየትኛው ተረኛ ሰው እየሰለቸ እንደሚመለስ ክፍሉ የሚያውቀው ከዚያ ነው።

በቀይ መስቀል አምቡላንስ ለመጠቀም 907 ይደውሉ፤ ሲደውሉ ቀበሌውን፣ መኪና የሚደርስበትን የቅርብ ቦታና በሽተኛው ንቁ መሆን አለመሆኑን አስቀድመው ይናገሩ።